ማሽኑ ያስታውሳል፦ የድሮ ቢንጎ ፒንቦል ስጠግን ያየሁት

የምኖረው ቺካጎ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ የሊፍት ጥገና። የድሮ ሊፍት ኮምፒውተር የለውም፣ ሁሉን ነገር የሚወስነው በሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ምድር ቤታቸው ወስደው አቧራ የጠጣ፣ ባሊ የተባለው ኩባንያ የሠራውን «ቢች ክለብ» የሚባል ቢንጎ ፒንቦል (በሳንቲም የሚሠራ የኳስ መጫወቻ ማሽን) አሳይተውኝ «ከሠራልህ ውሰደው» ሲሉኝ አላመነታሁም። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚሁ ቺካጎ የወጣ ማሽን ነው።

ቢንጎ ፒንቦል እንደሌላው ፒንቦል ኳሷን መልሶ የሚመታ ክንፍ የለውም። ቁጥር ያላቸው 25 ጉድጓዶች አሉት። አምስት ኳስ ትለቃለህ፤ ኳሷ የገባችበት ቁጥር ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ፣ ቁጥሮቹ በተደረደሩበት ካርድ ውስጥ ይበራል። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ቁጥር በአንድ መስመር ከተያያዘልህ ነጻ ጨዋታ ይቆጠርልሃል። በየቡና ቤቱ ግን ያ ነጻ ጨዋታ ገንዘብ ነበር። ባለቤቱ በጥሬው ይከፍልና ቁጥሩን ከማሽኑ ላይ ያጠፋዋል። በ1951 መጀመሪያ ላይ የቁማር ማሽን ከስቴት ስቴት ማጓጓዝን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ ገንዘብ ሳይሆን ነጻ ጨዋታ የሚቆጥሩት ቢንጎዎችም በዚያው ዓመት ገበያውን አጥለቀለቁት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1957 እነዚህ ማሽኖች ቁማር ናቸው፣ ግብራቸውም እንደ መዝናኛ 10 ሳይሆን በዓመት 250 ዶላር ነው ብሎ ወሰነ።

እኔ በመጀመሪያ ማጭበርበሪያው ኳሷ ላይ ይሆናል ብዬ ነበር። ከሥር ማግኔት ፈለግሁ፣ ሰሌዳው የተጣመመ እንደሆነ በውሃ ልክ ለካሁ። ምንም የለም። ኳሷ የምትሄደው በራሷ ዕድልና በተጫዋቹ እጅ ነው።

ነገሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ኳስ ከመልቀቅህ በፊት ተጨማሪ ሳንቲሞች መክተት ትችላለህ፤ እያንዳንዷ ሳንቲም ክፍያውን ከፍ ልታደርግልህ ትችላለች፣ ላታደርግም ትችላለች። ማን ይወስናል? የኋላውን በር ስትከፍት ታየዋለህ። ሚክሰር የሚባሉ ክብ ሰሌዳዎች አሉ፣ ሳንቲም በገባ ቁጥር ቦታቸውን ይቀያይራሉ። በሞተር የሚዞር ሌላ ሰሌዳም አለ፣ ስፖቲንግ ዲስክ ይሉታል። ክፍያው ከፍ እንዲል ኤሌክትሪኩ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይቋረጥ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ጋ ክፍት ካገኘ ሳንቲምህ ተበላች ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሎተሪ ነው። መሐል ላይ ግን ሪፍሌክስ ዩኒት የሚሉት አለ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። ሳንቲም እየበላ ሲሄድ ጥርስ ያለው ጎማው ቀስ እያለ ወደ ለጋስነት ይራመዳል። ነጻ ጨዋታ ሲያስበላ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለስና ቆጣቢ ይሆናል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍባቸው መንገዶች ያንሳሉ። ማለትም ማሽኑ ያስታውሳል። ከአንተ በፊት የተጫወተው ሰው ብዙ በልቶ ከሄደ፣ አንተ የምትከትተው ሳንቲም በእሱ ምክንያት ይከስራል። የባሊ ቢንጎዎችን የሚነድፈው መሐንዲስ ዶን ሁከር ነበር፤ ያለ አንዲት ቺፕ፣ በጎማና በሽቦ ብቻ እንዲህ ያለ ትውስታ መሥራት ትልቅ ጭንቅላት ይጠይቃል።

ይህን ያወቅሁት ግን ሦስት ቅዳሜና እሁድ ካባከንኩ በኋላ ነው። ማሽኑ በርቷል፣ ኳስ ይቆጥራል፣ ነጻ ጨዋታም ይሰጣል፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ሳንቲም ብከት ክፍያው ንቅንቅ አይልም። ሚክሰሮቹ ናቸው ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ ገጠምኩ። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሪፍሌክሱን በጣቴ ስነካው ጎማው አልዞር አለኝ። የድሮው ግራሶ እንደ ሙጫ ደርቆ መጨረሻው ቆጣቢ ደረጃ ላይ አጣብቆታል። ፈትቼ በአልኮል አጠብኩት። ከዚያ ጎማውን በእጄ ወደ ቆጣቢው ጫፍ አድርጌ ሳንቲም ከተትኩ፣ ቀጥሎ ወደ ለጋሱ ጫፍ አዙሬ ያንኑ ያህል ደገምኩ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ በሁለተኛው ክፍያው ቶሎ ቶሎ ይወጣል።

እንደዚህ ዓይነት ማሽን እጃችሁ ከገባ ከመንካታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት፣ ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊትም ፎቶ አንሱ። እኔ አንዱን ሳላነሳ ፈትቼ ቦታውን ለመፈለግ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል። የሚዞሩት ክፍሎች ላይ ዘይት አትንፉ፣ ነገ መልሶ የሚደርቀው እሱ ነው። ኮንታክቶቹንም (ኤሌክትሪክ የሚያገናኙትን ነጥቦች) በሞረድ አትፈግፍጉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተበላሸውን ክፍል ከመፈለግ በፊት ማሽኑ ሲሠራ ምን ማድረግ እንደነበረበት ተረዱ። እኔ ብልሽት ስፈልግ የነበረው ማሽኑ ጠባቂ እንዳለው እንኳ ሳላውቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቆይቼ አየሁ። ማሽኑ ለጋስ ወይም ቆጣቢ እንዲሆን ባለቤቱ የሚመርጥበት ትንሽ መሰኪያ አለው፤ የኔው ቆጣቢው ላይ ነው የተሰካው። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሰው በሩን ከፍቶ እዚያ ላይ ሰክቶታል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ሳንቲሙን ከትቶበታል። ወደ ለጋሱ አዛወርኩት። አሁን እንግዳ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ የኋላውን በር ከፍቼ ነው የማጫውተው፤ ጎማው አንዲት ጥርስ ሲራመድ ቀጭ የምትለውን ድምፅ እንዲሰማ።