ልጄን ከአቃቂ ጎርፍ ያወጣልኝ አምላክ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ልጽፍ ስነሳ ስንት ጊዜ እጄ ተንቀጥቅጦ ትቼዋለሁ። ዛሬም ዕንባዬ አላቆመም፤ ግን እናገራለሁ ብዬ ተስያለሁና ልናገር።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ በኩላሊት ሕመም ዓይኔ እያየ አለቀ። ጸበል አስጠመቅኩት፣ ዳያሊሲስ አመላለስኩት፣ ለቅዱስ ሩፋኤል ጃንጥላ ተሳልኩለት። እንደሚድን እርግጠኛ ስለነበርኩ ጃንጥላውን አስቀድሜ ገዛሁት። እሱ ግን አረፈ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ጃንጥላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። ተጣላሁ ነው የምላችሁ። ጎረቤቶቼ "እሱ ያውቃል" ሲሉኝ "ካወቀ ለምን ዝም አለኝ?" እላቸው ነበር። የጸሎት መጽሐፌን ዘጋሁ። ማተቤን ያልበጠስኩት ለልጄ ስል ነው።

ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። የወፍ ነገር አይሆንለትም፤ ስማቸውን፣ ድምፃቸውን ያጠናል። ወንድሜ ደግሞ የከተማውን ዳር ዳር በእግሩ መዞር ይወዳል፤ እንጦጦን፣ መናገሻን አዳርሶታል። "አባ ሳሙኤልን ላሳይህ" ሲለው ልጁ እንቅልፍ አጣ።

ለማታውቁት፣ አባ ሳሙኤል ከአቃቂ በታች ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ እዚያ ይገናኛሉ፤ ከግድቡ አልፈው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ያለው እዚያ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ የነበረው ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከርሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ዳር ዳሩ ሰፊ ረግረግ ነው፤ እንቦጭ ወሮታል። የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ የሚያርፉት እዚያ ነው። ልጄ ቀድመው የሚመጡትን ለማየት ጓጉቷል።

ቀኑ ጳጉሜን 3 ሆነ፤ ርኅወተ ሰማይ፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት። ሰማይ የሚከፈትበት፣ ጸሎት የሚያርግበት ቀን ነው እንላለን። ልጆች በዝናቡ ይጠመቃሉ። እኔ ግን እቤት ተቀምጬ ደወሉን ከምሰማ ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ።

ጠዋት እንዴት ደስ ይል ነበር! ሸለቆው ለምልሟል፣ ዝይዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይግጣሉ፣ አደይ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብላለች። ወንዙ ግን ያሳዝናል። የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚወርደው። ዳር ያሉት ግራሮች ላይ ከእኔ ቁመት በላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ የተቀዳደደ። ልጄ "ማን ሰቀለው?" አለ። "ጎርፍ ነው የሚሰቅለው፤ ውኃው እስከዚያ ይደርሳል" አለው አጎቱ። ሰማሁና አለፍኩ።

ግድቡን አይተን ስንመለስ ወደ 10 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ወደ ሰሜን፣ እንጦጦ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ የቆምንበት ወደ 2,000 ገደማ። እዚያ የዘነበው ሁሉ ከተማውን አጥቦ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ጠዋት በድንጋይ ላይ እየረገጥን የተሻገርናት ሸለቆ ጋ ደረስን። ልጄ መነጽሩን ይዞ ከፊታችን ነበር። መሃል ላይ ሣር የበቀለባት ጉብታ አለች፣ አንድ ግራር ቆሞባታል። እዚያ ላይ ወጥቶ ዞር ብሎ ሳቀልን።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሲኖትራክ ቁልቁለት ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ውኃው ቡኒ ሆኖ፣ እንጨትና ጎማ ተሸክሞ በመሃላችን ገባ። ወንድሜ ሊዘል ሲል ከብት ጠባቂ ልጆች ወገቡን ይዘው አስቀሩት። እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ያን ቀን ሁለት ሰው በጠፋብኝ ነበር።

ልጄ ግራሩ ላይ ወጣ። ቀይ ሹራቡ ይታየኛል። "እማዬ!" ይላል። "አለሁ!" እላለሁ። መሸ። ቀዩ ሹራብም ጠፋብኝ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

የመንደሩ ሰው ባትሪና ጠፍር ይዞ ወጣ። አንድ ሽማግሌ አባት መሪ ሆኑ። ገመድ ወረወሩ፤ አይደርስም። ደግመው ወረወሩ፤ ጎርፉ ወሰደው። ስልክ ተደወለ፣ ነገር ግን በዚያ መረሬ ጭቃ መኪና አይገባም። የሽማግሌው ባለቤት ጋቢያቸውን አልብሰውኝ "ያ ዋቃዮ! ያ ዋቃዮ!" እያሉ አብረውኝ ያለቅሳሉ። እኔ ግን መጸለይ አቃተኝ። ጮክ ብዬ "ባሌን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ልጄን?" አልኩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሩፋኤል ዕለት እንዲህ አልኩት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ልጄ መመለስ አቆመ።

"ልጄ!" እላለሁ። ውኃው ብቻ ይመልሳል። ደግሜ እጣራለሁ። ወንድሜ ይጣራል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። ምንም የለም። ባትሪው እዚያ ድረስ አይደርስም። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳላስበው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አለ አፌ። አፌ ነው ያለው፤ ልቤ ገና እንደተጣላ ነበር። ደጋግሜ አልኩት። ከዚያ የጦቢት ሚስት ሐና ትዝ አለችኝ፤ ልጄ ጠፋ እያለች መንገድ መንገዱን ስታይ የኖረችው እናት። ልጇን ጦብያን ጤግሮስ ወንዝ ዳር የጠበቀው ማን ነበር? ሩፋኤል አይደለም? "አንተው ነህ፣ ዛሬ ቀንህ ነው፣ ልጄን ያዝልኝ" አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ሽማግሌው ከእኛ በኩል ያለውን ግራር በባትሪ እያበሩ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጠዋት ያየናቸው ፌስታሎች አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ ገብተዋል። አንድ ሰማያዊ ፌስታል ግማሹ ሰጥሞ ይርገበገባል። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። በዚህ መሃል እኛም ላይ ዝናብ ጀመረ። ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቀኑ፤ የሩፋኤል ጸበል ነውና። እኔም አቀናሁ። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ብቻ ሽማግሌው ድንገት ክንዴን ያዙኝ። "እዪ ልጄ፣ ፌስታሉን እዪ!" ሰማያዊው ፌስታል ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ውኃ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ሌላ ጥቁር ፌስታል ብቅ ብሏል። "ጎደለ! ውኃው ጎደለ!" እልል ተባለ።

ሊነጋጋ ሲል ሁለት ወጣቶች ወገባቸውን በጠፍር ታስረው፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ጭቃውን እየመረመሩ ገቡ። ጭቃው ደረታቸው ድረስ ነበር። ልጄ ሹራቡን አውልቆ በእጅጌው ራሱን ከግንዱ ጋር አስሯል። ተሸክመው አመጡልኝ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ግን ሕያው ነው! ከረግረግ ጭቃ አወጣኝ፣ እግሮቼንም በድንጋይ ላይ አቆማቸው የሚለው መዝሙር በሥጋዬ ተፈጸመ።

ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ድምፁ ተዘግቷል። "እማዬ፣ ድምፄ ጠፋ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እሰማሽ ነበር" አለኝ።

ለምን ዝም አለኝ እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚያው ጭቃ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ከዚያ ሳንባ ምች፣ ኦክስጅን፣ እስከ ጥምቀት ያልለቀቀ ሳል። ሌሊት ሌሊት ላልተለዩት ነርሶች እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ጃንጥላውን በዓመቱ በጳጉሜን 3 አስገባሁ። የባለቤቴ ነገር ዛሬም አልገባኝም፤ ዛሬም እጠይቀዋለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን የምጠይቀው ቤቱ ቆሜ ነው።

እነዚያን ሰዎች ግን ምን ብዬ ላመስግናቸው? ጋቢ ይዤ ሄድኩ፣ በመከራ ነው የተቀበሉኝ። ሽማግሌው ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ቂጣ በወተት አበሉት። እሱም ለልጅ ልጃቸው ወፎቹን በመነጽር እያሳየ ዋለ። እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቧቸው። በዚያ ሸለቆ ላይ መሻገሪያ ድልድይ የላቸውም፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቻቸው በእነዚያው ድንጋዮች ላይ ነው የሚሻገሩት።