ጅማ፣ ለዘጠነኛ ጊዜ

ለፊልድ ጅማ እሄዳለሁ ካልክ ሰው ሁሉ "ታድለህ!" ይልሃል። ቡናው፣ ማሩ፣ አረንጓዴው አገር፣ በዚያ ላይ አበል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች የታደልኩ መስሎኝ ነበር። ይሄኛው ዘጠነኛዬ ነው። ቅርንጫፋችንን ኦዲት ላደርግ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤቴ ወጣሁ፣ ልጄ ተኝታለች።

ቀኑ እሁድ ነው። ሰኞ ጠዋት ስራ እንድትጀምር እሁድን መንገድ ላይ ትውላለህ፣ ይሄ የታወቀ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ይሰጣል። የእኔ እረፍት ሰበታ ላይ ጀምሮ ሰርቦ ላይ ያልቃል። ብታማርር መልሱ አንድ ነው፦ "ቁጭ ብለህ አይደል እንዴ የሄድከው?"

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት እስቲ። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። ከወልቂጤ ወዲያ የግቤ ቁልቁለት ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ወገቤም በየኩርባው ይቆጥራል። ሹፌራችን ጎበዝ ነው፣ ግን ከነቀምት የተመለሰው ትናንት ማታ መሆኑን እዚያ ቁልቁለት ላይ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የኔ እንቅልፍ ጠፋ። እንዳያንቀላፋ ያላወራሁለት ነገር የለም፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ አማቴ ሳይቀር። ደክሞት እንደነበር የትም አልተጻፈም፤ የጉዞ ፎርሙ የሚጠይቀው ኪሎ ሜትርና ሊትር ብቻ ነው።

ማታ አልጋ ያዝኩ፣ አላስተኛኝም። በ2016 እ.ኤ.አ. የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው አዲስ ቦታ ባደረ የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ይልቅ ንቁ ሆኖ እንደሚያድር አሳይተዋል። እንደ ዘበኛ ማለት ነው። ስልኬን ስነካካ ሌላም አገኘሁ፣ ይሄ የ2018 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፦ በወር 14 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለስራ ከቤታቸው ውጭ የሚያድሩ ሰዎች፣ ጥቂት ሌሊት ከሚያድሩት ይልቅ የእንቅልፍ ችግር፣ ጭንቀትና ድብርት ይበዛባቸዋል። ያለፈውን ወር በጣቴ ቆጠርኩ። 16። ስልኩን ዘጋሁት።

ደግሞ የደረሰኙ ነገር አለ። ቀን ቀን የሰው ደረሰኝ የምመረምረው እኔ፣ ስመለስ የራሴ ደረሰኝ ይመረመራል። ፋይናንስ የማሽን ደረሰኝ ካልሆነ አያወራርድም። ሽሮ የበላሁባት ቤት ማሽን የላትም፣ ባጃጁም የለውም። ስለዚህ ማሽን ያለው ሆቴል እየፈለግህ በቀን ሁለቴ ቅባት የበዛበት ጥብስ ትበላለህ። ጨጓራዬ የተነሳው እንደዚህ ነው፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከራሴ ኪስ ነው የምገዛው። ሰፈር ውስጥ ግን "አበል ሲበላ ነው የሚከርመው" ይባልልኛል።

ረቡዕ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ስራ ቆመ። ዘጠኝ ጊዜ መጥቼ የማውቀው ቅርንጫፉን፣ ሆቴሉንና በመሃል ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ባጃጅ ያዝኩና ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። የእንጨቱን ሰገነት በእጄ ነካሁት፣ የዘመን እጅ አለስልሶታል። ከኮረብታው ላይ ከተማዋ ከነዛፎቿ ታች ተዘርግታለች። ዘጠኝ ጊዜ አጠገቧ ተኝቼ እንዲህ መሆኗን አላውቅም ነበር። ዝናቡም ከወዲያ ማዶ እየመጣ ነው።

ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ናቸው።

"የት ነህ ልጄ?"

"ጅማ ነኝ ጋሼ።"

ዝም አሉ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት ነው።

እትዬ ማለት ልጄ ስትወለድ ለባለቤቴ ገንፎ ያገነፉ ሴት ናቸው። ሕጉ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን እኔ ሐዋሳ ነበርኩ፣ ልጄን ያጠቡልኝ እሳቸው። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ሪፖርቱ ዓርብ መውጣት አለበት፣ በተረፈ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱንም ከላይ ይጠይቁታል። ዝናቡ ደረሰብኝ፣ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና የሙዚቃውን ድምፅ ቀነሰልኝ።

ቅዳሜ ማታ ስገባ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ልጆቻቸውን አቅፌ ተቀመጥኩ፤ ከጅማ ያመጣሁትን ማር የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ፣ ለሳቸው ነበር የገዛሁት። በማግስቱ የእድር ስብሰባ ሆነ። ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ስሜ ተጠራ፣ ከፈልኩ። ጸሐፊው በካርቦን ጽፈው ደረሰኝ ቆረጡልኝ።

የማሽን አይደለም።