ሒሳቡ የማይጠፋበት ጨዋታ

24 ዓመቴ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ ከተመረቅሁ ብዙም አልቆየሁም፤ የምሠራውም በዚያው ሙያ ነው። ስለ ራስሽ ንገሪን ስባል ዕድሜዬን፣ ትምህርቴን፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆንኩ እደረድራለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ተደምሮ እኔን አይመስልም። ሰው ሁሉ ዝምተኛ ናት ይለኛል። ዝምተኛ ሆኜ አይደለም፤ ስለ ቤዝቦል የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነው። እንግዲህ በገዛ ደብተሬ ላይ ማን ይከለክለኛል፣ ራሴን በወጉ ላስተዋውቅ፦ የቤዝቦል እብድ ነኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ የሲያትል ማሪነርስ ደጋፊ ነኝ። ይህ ለምን "ይባስ" እንደተባለ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጓደኞቼ የእግር ኳስ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን እንደ ምንም ለምኜ ጨዋታ አሳየኋቸው። ሦስተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ሦስተኛው ዙር፣ ላይ አንዷ ዞር ብላ "ቆይ፣ መቼ ነው የሚጀመረው?" አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ላልለመደው ሰው ቤዝቦል ማለት ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው የሚተያዩበት ነገር ነው። ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ኳሷን ይዞ ካቸሩን፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ያለውን ተቀባይ፣ ያያል። ካቸሩ ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል። ፒቸሩ ራሱን ይነቀንቃል፣ አልፈለገም። ሌላ ምልክት ይሰጠዋል፤ እሺ አለ። ከዚያ ይወረውራል። ከፒቸሩ ሰሌዳ እስከ መቺው ቤዝ (ሯጮች ከሚዞሩባቸው አራት መርገጫዎች አንዱ) ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። መቺው በዚያች ጊዜ ውስጥ አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን አዙሮ መጨረስ አለበት። ያ ሁሉ መተያየት ለዚህ ነው፦ አንዱ ምን እንደሚመጣ ሊገምት፣ ሌላው ግምቱን ሊያበላሽበት።

እኔን የያዘኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። ሰዓት አለመኖሩ ነው። እግር ኳስ ላይ አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን ኳሷን ማዕዘን ላይ ይዞ ደቂቃ መግደል ይችላል። እዚህ የሚገደል ደቂቃ የለም። እያንዳንዱ ቡድን 9 ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ 3 አውት፣ ማለትም 3 ሰው እስኪሰናበትበት ድረስ ይመታል፤ ሲደመር 27። በ10 ነጥብ እየመራህም ቢሆን ኳሷን ለባላጋራህ መወርወር ግዴታህ ነው፤ 27ኛውን አውት ከእጁ እስክትወስድ ድረስ ተራው የእሱ ነው። በ2023 ለፒቸሩ ሰዓት ተቆጠረበት፤ ሯጭ ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ይጀምራል። የቀድሞ ሰዎች አዘኑ። በዚያ ዓመት አማካዩ የ9 ኢኒንግ ጨዋታ ከ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። የተጣደፈው ፒቸሩ እንጂ ጨዋታው አይደለም፤ 27ቷ አውት አልተነካችም።

አሁን ወደ ደብተሬ ልምጣ፤ እብደቴ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

ጨዋታ ሳይ እርሳስ ይዤ ነው። የቤዝቦል ተከላካዮች በቦታቸው ቁጥር አላቸው፤ ጀርባቸው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ስለዚህ ደብተሬ ላይ "6-4-3" ብዬ ከጻፍኩ ሾርትስቶፑ ኳሷን አንስቶ ለሁለተኛ ቤዝ፣ እሱም ለአንደኛ ቤዝ አቀብሎ፣ በአንድ ምት ሁለት ሰው አውት ሆኗል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር፣ አራት ሰከንድ ያህል፣ አምስት ሰው። ሦስት ስትራይክ (መምታት ሲገባው ያልመታው ውርወራ) ተቆጥሮበት አውት ለሆነ ኬ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ትጻፋለች፤ ዱላውን ሳያነቃንቅ ቆሞ እያየ ከወጣ ፊደሏ ፊቷን ታዞራለች። ያቺን የዞረች ፊደል ስጽፍ ሁልጊዜ ትንሽ አዝናለሁ። የዚህ አጻጻፍ አባት እንግሊዝ የተወለደው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ነው፤ አንድም የታወቀ ምት ሳይመታ በኩፐርስታውን የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገብቷል።

የሚያስደንቀኝ ይኼ ነው፦ ገጹ ሲያልቅ ሒሳቡ ይመረመራል። ለመምታት የወጡትን ሁሉ ትደምራለህ። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ቡድን ያስቆጠራቸውን ነጥቦች፣ ኢኒንጉ ሲያልቅ ቤዝ ላይ ቆመው የቀሩትን፣ ተጋጣሚው ያገኛቸውን አውቶች ትደምራለህ። ሁለቱ ድምሮች እኩል መሆን አለባቸው። አለበለዚያ አንድ ሰው ዘለሃል። ምክንያቱም ዱላ ይዞ የወጣ ሰው መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፦ ቤዞቹን ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል፣ ቤዝ ላይ ይቀራል፣ ወይም አውት ይሆናል። አራተኛ መንገድ የለም። ቀን ሙሉ ዴቢትና ክሬዲት ሳስታርቅ ውዬ ማታ ለመዝናናት የማደርገው ይኼንኑ ነው። ይሳቅብኝ።

ይህ የመዝገብ ፍቅር ከታላቅ ወንድሜ ጋር የማያልቅ ጭቅጭቅ አምጥቶብኛል። ጭቅጭቁ ጁን 2 ቀን 2010 ስለሆነ ነገር ነው፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ያየሁት በቪዲዮ ነው። የዲትሮይት ታይገርስ ፒቸር አርማንዶ ጋላራጋ ከክሊቭላንድ ጋር ሲጫወት 26 መቺዎችን በተራ አሰናበተ። አንድም ሰው ቤዝ አልረገጠም። 27ኛውን ከደገመው ፍጹም ጨዋታ ይባላል፤ በትልቁ ሊግ (በሰሜን አሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል) ታሪክ እስከ ዛሬ የተመዘገበው 24 ጊዜ ብቻ ነው። ጄሰን ዶናልድ ኳሷን መሬት ለመሬት መታት። አንደኛ ቤዝ የነበረው ሚጌል ካብሬራ ወደ ቀኙ ሄዶ አነሳት፣ ጋላራጋ ራሱ ሮጦ ቤዙን ሸፈነ፣ ካብሬራ ወረወረለት፣ ያዘ፣ ረገጠ። በእኔ ቋንቋ 3-1። ዳኛው ጂም ጆይስ ግን እጆቹን ዘረጋ፦ ሴፍ፣ ሯጩ ቀድሞ ደርሷል።

ሯጩ በግልጽ ዘግይቷል። ሁሉም ጮኸ። ጋላራጋ ግን ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ስንት ጊዜ እያስቆምኩ እንዳየኋት እንጃ፤ ምሬት የለባትም፣ መሸነፍም የለባትም። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ቀጣዩን መቺ አስወጣ። በእውነቱ 28ኛ አውት፤ በመዝገብ ግን 27ኛ። ጆይስ ቪዲዮውን ሲያይ መሳሳቱን በአደባባይ ተናገረ። በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ዳኛ ነበር፤ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ይዞ የወጣለት ጋላራጋ ነው፤ ጆይስ እንባውን መያዝ አልቻለም። ሊጉ ውሳኔውን አልሻረም። ቪዲዮ አይቶ እንዲህ ያለውን ጥሪ ማስተካከል የተቻለው በ2014 ነው፤ ለጋላራጋ ረፍዷል።

ወንድሜ ይሰረዝ ባይ ነው። "እውነቱ ይታወቃል፣ ዳኛው ራሱ አምኗል፣ ምን ያስቸግራል?" ይለኛል። እኔ ደግሞ 28ኛውን ሰውዬ የት ላድርገው እላለሁ። ወጥቷል፣ ዱላ ይዟል፣ ኳስ መትቷል፣ ተሰናብቷል። ፍጹም ጨዋታ ብለን ከጻፍን እሱ አልነበረም ልንል ነው። ያን ቀን ለመምታት የወጡት 28 ናቸው፣ 28 ይጻፍ። ወንድሜ ልብ የለሽ ይለኛል። ለእኔ ግን ከ24ቱ ፍጹም ጨዋታዎች ይልቅ ያቺ አንድ የተበላሸች ገጽ ትበልጥብኛለች።

ከዚያ ጆሽ ጊብሰንን ያነሳብኛል፤ እዚህ ላይ ብልጥ ነው። ጊብሰን ካቸር ነበር፣ ኔግሮ ሊግስ በሚባሉት የጥቁሮች ሊጎች የተጫወተ። ትልቁ ሊግ ለጥቁር ዝግ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ እዚያ አልተሰለፈም። የሞተው በጃንዋሪ 1947፣ በ35 ዓመቱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን መለያ ለብሶ ያንን በር የከፈተው ኤፕሪል 15 ቀን 1947፣ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ይኼ ሦስት ወር ሁሌ ያንገበግበኛል። በ2024 ሊጉ የእነዚያን ሊጎች ቁጥሮች ከራሱ መዝገብ ጋር አዋሃደ፤ የጊብሰን የዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ .372 (ከሺህ ሙከራ 372 ምት ያህል) ሆኖ ገባና ለዘመናት አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን ወደ ሁለተኛ አወረደው። "ታዲያ ለጊብሰን የተከፈተ መዝገብ ለጋላራጋ ምን ዘጋው?" ይላል ወንድሜ።

መልስ አለኝ። ጊብሰን የመታው ያኔውኑ ተመትቷል፣ ያኔውኑ ተቆጥሯል፤ የያዙት ጋዜጦች ነበሩ። የጎደለው ምቱ አይደለም፤ ከቆዳው ቀለም የተነሳ ገጹን አልቀበልም ያለ መዝገብ ነው። እሱን ማስገባት የጠፋ ደረሰኝ አግኝቶ ሒሳብ ማቃናት ነው። የጋላራጋን መሰረዝ ደግሞ ያለ ደረሰኝን መቅደድ ነው። ወንድሜ አልተቀበለኝም። እኔም እንዲቀበለኝ የምፈልግ አይመስለኝም፤ ከተቀበለኝ ምን ልናወራ ነው?

ማሪነርስን እንዴት ያዝኩ? በኢቺሮ ሱዙኪ ነው። ኤፕሪል 2001፣ ገና አሜሪካ በመጣ ሰሞን፣ ከቀኝ ሜዳ ኳሷን አንስቶ በቀጥታ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያደረሳት ቪዲዮ አለ። ሯጩ ቴረንስ ሎንግ በሰላም እደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ኳሷ ሳትነጥር ቀደመችው። በ2004 ያው ሰው 262 ምት መታ፤ ከ1920 ጀምሮ የቆመውን የጆርጅ ሲስለር 257 ሰበረ፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። ቡድኑ እንዴት ያለ ቡድን እንደሆነ ያጣራሁት ፍቅሩ ከያዘኝ በኋላ ነው። በ2001 ከ162 ጨዋታ 116 አሸነፈ፣ ከዚያ በላይ ያሸነፈ ኖሮ አያውቅም፤ ግን ለፍጻሜው አልደረሰም። ቀጥሎ 20 ዓመት ከመደበኛው ውድድር ማለፍ አቃተው። ዛሬ ካሉት 30 ቡድኖች ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ፍጻሜው፣ ገብቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

2025 ግን ዓመታችን መሰለኝ። ካቸራችን ካል ራሊ 60 ሆም ረን (ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ የምታርፍ፣ መቺውን ቤዞቹን ሁሉ የምታዞር ምት) መታ፤ ካቸር ሆኖ እዚያ የደረሰ አልነበረም። ዲትሮይትን በ15ኛው ኢኒንግ 3 ለ2 አሸንፈን አለፍን። ለፍጻሜ ለማለፍ ከቶሮንቶ ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደረስን፤ በሰባተኛው ኢኒንግ 3 ለ1 እየመራን 8 አውት ቀረን። ጆርጅ ስፕሪንገር ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ሆም ረን መታ። 4 ለ3። ያን ገጽ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፤ ደምሬም አየሁት፣ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ፍጻሜውንም አልተውኩትም። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ቶሮንቶ ሦስተኛውን ጨዋታ 18 ኢኒንግ ተጫወቱ፤ ፍሬዲ ፍሪማን በሆም ረን እስኪገላግለን ድረስ ዓምዱ አልቆብኝ በኅዳጉ ላይ፣ ከዚያም በጀርባው ጻፍኩ። ዶጀርስ በሰባተኛው ጨዋታ በ11 ኢኒንግ 5 ለ4 አሸንፎ ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ። ወንድሜ "አንቺ ልጅ፣ ዶጀርስን ያዢና ተገላገይ" አለኝ። እንዲህ ተብሎ የሚመረጥ ቢሆንማ ድሮውንስ ማሪነርስን ማን ይይዝ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ፒቸሮችና ካቸሮች ለልምምድ ይጠራሉ፤ ባለ 18 ዓምድ ደብተር ስላጣሁ በማስመሪያ ራሴ እያሰመርኩ ነው።