ቦታው ይቅደም፦ በእንግዳ አገር እየተራመድኩ የማሰላስልበት መንገድ

አዲስ ቦታ ላይ ሲራመዱ መንፈሳዊ ሐሳብ አይጠፋም። ተራራ ሲታይ መዝሙር ትዝ ይላል፣ የውኃ ጉድጓድ ሲታይ ሳምራዊቷ ሴት ትመጣለች። እንዲህ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ይዘነው የወጣነው ነው። ቦታው ገና ምንም ሳይለን እኛ ሰብከንበት እናልፋለን። የምከተለው ቅደም ተከተል ይህን ለመከላከል ነው፦ መጀመሪያ ቦታውን አያለሁ፣ ቀጥዬ ቃሉን አነባለሁ፣ ትርጉም ፍለጋውን ለማታ አቆየዋለሁ።

ነገሩን እኔ አልፈጠርኩትም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኤገርያ የተባለች ክርስቲያን ከምዕራቡ የሮም ግዛት ተነሥታ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ያየችውን አገር ቤት ለቀሩት እኅቶቿ ጽፋለች። ከጽሑፏ የተረፈው ክፍል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ጣሊያን ውስጥ አሬትዞ ከተማ ተገኘ። አንድ ቦታ በደረሱ ቁጥር የሚያደርጉትን ደጋግማ ታነሣለች፦ ይጸልያሉ፣ ስለዚያ ቦታ የሚናገረው ምንባብ እዚያው ይነበባል፣ የሚስማማ መዝሙር ይባላል፣ ደግመው ጸልየው ይሄዳሉ። ረጅም ስብከት የለበትም። እኔ የጨመርኩበት ዝምታና ደብተር ነው።

ኤገርያ የሄደችባቸው ቦታዎች ምንባብ ነበራቸው። የእኛ መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ያልተጠራ ስለሆነ ምንባቡን ከመነሣቴ በፊት እመርጣለሁ፤ መንገድ ላይ ገጽ ሲያገላብጡ ልብ ይበተናል። ለዚህ የሚሆኑት ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉት 15ቱ የመዓርግ መዝሙሮች፣ ማለትም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች ይዘምሯቸው ነበር የሚባሉት፣ ናቸው፤ በግእዙ ዳዊት ቁጥራቸው በአንድ ይቀንሳል። አጫጭር ስለሆኑ በቃል ይያዛሉ። 131፣ 133 እና 134 ሦስት ሦስት ቁጥር ብቻ ናቸው። 132 ግን 18 ቁጥር ስላለው ለመንገድ ይከብዳል፤ ማደሪያ ደርሶ ቢነበብ ይሻላል። ለጀማሪ 121ን እመክራለሁ። ስለሚናወጥ እግር፣ ስለ ቀን ፀሐይ፣ ስለ መውጣትና መግባት የሚናገር መዝሙር ነው፤ ለመንገደኛ እነዚህ ምሳሌዎች ሳይሆኑ የዕለቱ ጉዳዮች ናቸው። ለአንድ ቀን አንድ ምንባብ ይበቃል። ሦስት አራት ይዞ የወጣ ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ ከአንዱ ጋር ስለሚገጥምለት ማየቱን ያቆማል።

ርቀቱን ስወስን ለማሰላሰል ብዬ ስሌቱን አላላላም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው የእግር ጉዞ ጊዜ ማስያ ደንብ ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለሚወጣ ለየ600 ሜትር ከፍታ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ይህ ግን ሳያቆም ለሚሄድ ሰው ነው። ቆሞ ለሚያነብና ለሚጽፍ ከዚያ ላይ ግማሹን እጨምራለሁ። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ዳገት ጋር በደንቡ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በእኔ አካሄድ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሙቀት ካለ ከዚያ በላይ እይዛለሁ።

የኤማሁስ መንገድ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። ሉቃስ በ24ኛው ምዕራፉ ርቀቱን «ስድሳ ምዕራፍ» ይለዋል፤ «ምዕራፍ» እዚህ ላይ የጥንት የርቀት መለኪያ ነው፣ አንዱም 185 ሜትር ያህል ስለሆነ በጠቅላላው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እየተነጋገሩ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ነው። ከሙሴ ጀምሮ በነቢያት ሁሉ የተጻፈውን ለመተርጎም ጊዜ እንደነበረ ይህን ርቀት በእግሩ የሄደ ሰው አይጠይቅም። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ቀኑ ከመሸ በኋላ ያንኑ መንገድ ተመልሰዋል። ይህን ግን በማያውቁት አገር መድገም አያስፈልግም፤ ከቀኑ ብርሃን ግማሹ ሲያልቅ፣ የታሰበው ቦታ ባይደረስም፣ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያለ ጸሎትና ያለ ምንባብ እሄዳለሁ። መንፈሳዊ ነኝ ለሚል ሰው ይህ ይከብደዋል፤ ባዶ ጊዜ ይመስለዋል። ሥራው ግን ዓይንና ጆሮ ላይ ነው። ካርታው ቀድሞ ስልክ ላይ ተጭኖ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ፎቶ የማነሣው ቦታው ላይ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተነሣ ፎቶ «አይቼዋለሁ» ብሎ ይሸኛል።

ከዚያ በኋላ አጭር ጸሎት እጀምራለሁ። ከእርምጃ ጋር ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ፤ አልመክርም። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን እርምጃው ስለሚለዋወጥ ጸሎቱ ይሰበራል። ከትንፋሽ ጋር ግን ይሄዳል፦ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ»፣ ሲያስወጡ «ማረኝ»። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር «ማረኝ» ብቻውን ይበቃል። መኪና በሚበዛበት መንገድና መሻገሪያ ላይ ጸሎቱ ይቁም። ዓይን መንገዱ ላይ መሆን አለበት።

ምንባቡን ቁጭ ብዬ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታ ራሱ ከመንገድ ደክሞ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ስለዚህ መቀመጥ ስንፍና አይደለም። የደከመ አካል ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ሲያነብ የማያያቸውን ቃላት ያያል። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ሰውየው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ «ወረደ» ሲል ሉቃስ ምዕራፍ 10 ቀጥተኛውን ነገር ነው የሚናገረው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ግድም፣ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ቁልቁለቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ቁልቁለት ጉልበቱን ያመመው ሰው ዝቅ ብሎ ስለ አህያው የተጻፈውን በቸልታ አያልፈውም፤ ሳምራዊው የቆሰለውን በራሱ አህያ ላይ ካስቀመጠው ቀሪውን መንገድ እሱ በእግሩ ሄደ ማለት ሳይሆን አይቀርም። ዘይቱና ወይኑ ይሰበካል፣ ሁለቱ ዲናር ይሰበካል፤ የእግሩ መንገድ ግን ብዙም አይነሣም።

ከሚበላሹት ነገሮች ዋነኛው ድካምን ከመንፈሳዊ ድርቀት ጋር ማምታታት ነው። ከቀትር በኋላ ጸሎቱ ይዝጋል፣ ቦታው ያስጠላል፣ «ምን አመጣኝ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን የማነበው ለዚህ ነው። ኤልያስ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄዶ፣ ከዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አላስተማረውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በልቶ ጠጥቶ ተኛ፤ ደግሞ ቀሰቀሰውና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ ነው። እኔም ልቤን ከመመርመሬ በፊት ውኃ እጠጣለሁ፣ እበላለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ። ከዚያም በኋላ ድርቀቱ ካልለቀቀ ያኔ የጸሎት ጉዳይ ነው።

ተረከዝም እንደዚሁ ነው። ሞቅ ማለት እንደጀመረ፣ ውኃ ሳይቋጥር፣ መቆም ያስፈልጋል። ካልሲውን አውልቆ ቆዳውን ማድረቅ፣ የፕላስተሩን ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጎ መቁረጥ (ሹል ማዕዘን ካልሲ ውስጥ ይላጣል)፣ ሳይጨማደድ መለጠፍ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ «ትንሽ ልታገሥ» ያለ ሰው ግን የቀረውን ቀን የሚያሰላስለው ስለ ተረከዙ ነው።

የሌሎች የጸሎት ቤት ስገባ ከኋላ እቆማለሁ። ሌሎች በጫማና በራስ መሸፈኛ ረገድ ምን እንደሚያደርጉ አይቼ እከተላለሁ፤ የማላምንበትን ሥርዓት ግን አላስመስልም። ጸሎት ከተጀመረ መሃል ላይ አልወጣም። ጳውሎስ በአቴና ከመናገሩ በፊት ከተማይቱን ዞሮ አይቷል፤ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለውን ጽሑፍ ያገኘው በዚያ ነው። መንፈሱ ተበሳጭቶ ነበር፤ ንግግሩን ግን በስድብ አልጀመረም።

አብሮኝ ሰው ካለ ዝምታው የት እንደሚያበቃ ቀድመን እንስማማለን፤ እስከ ድልድዩ፣ እስከ መንታው መንገድ። «ደስ ሲለን እናወራለን» ከተባለ አንዱ ዝም ሲል ሌላው የተቆጣበት ይመስለዋል።

ደብተሩ ላይ ቀን የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። ለምሳሌ፦ «የድንጋይ ደረጃ፤ መሃሉ ተቦርቡሯል፣ የግድግዳው ጥግ ግን ሹል እንደሆነ ነው። አንዲት እናት በዚያ በሹሉ በኩል፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ሁለቱን እግራቸውን በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እያገናኙ ወረዱ።» ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው። «ትውልድ የተመላለሰበት የእምነት ደረጃ» ግን ሰውየው ደረጃውን እንዳላየ ያስታውቃል። ማታ ከታች መስመር አስምሬ የቀኑን ምንባብ እጽፍና ሁለቱ ይነካኩ እንደሆነ አያለሁ። ብዙ ቀን አይነካኩም። ያኔ በግድ አላገናኛቸውም፤ ያየሁት እንዳለ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ከፍቼ፣ ከቤት ሳልወጣ ልጽፈው እችል የነበረውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እሰርዛለሁ፤ ከአንድ ገጽ ሦስት መስመር ከተረፈ በቂ ነው።