ኩሬውና እጄ

ኩሬ ጉልበት የሚፈልገው ተቆፍሮ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው እጁን መሰብሰብ የሚችል ሰው ነው። ሰሞኑን ይህን ደጋግሜ እያሰብኩት ስለሆነ ልጻፈው።

ስለ ቁፋሮው ብዙ የሚወራ የለም። ቦታ መምረጡ ላይ ግን ጊዜ ወስጃለሁ። ዛፍ ሥር ጥላው ደስ ይላል። ነገር ግን ቅጠሉ ውሃው ላይ ይረግፋል፣ እዚያው ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስም ለዓሦቹ የሚሆነውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሙሉ ቀን ፀሐይ የሚመታው ቦታ ደግሞ ውሃውን ያግለዋል፣ ውሃ አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚም ያፋፋዋል። እኔ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበትን ጥግ መረጥኩ። ከቤት መስኮትም ይታያል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዓይን የራቀ ኩሬ ይረሳል።

ጠርዙን ያስተካከልኩት በውሃ ልክ ነው። ዓይን ይሸወዳል፣ ውሃ አይሸወድም። በአንድ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ በዚያ በኩል ይፈስሳል፤ በሌላው በኩል ውሃው እንዳይሰርግ የሚነጠፈው ሸራ ገጦ ይቀራል። ከሸራው ሥር ድንጋዩንና ስለት ያለውን ነገር ሁሉ ለቅሜ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍኩበት። ከዚያ ለካሁ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር። ሲባዛ 4,800 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ይህች ቁጥር የማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍራለች። ስንት ዓሣ ይችላል፣ ስንት ውሃ ልቀይር፣ መድኃኒት ቢያስፈልግ ስንት ልጨምር፣ ሁሉም ከእሷ ነው የሚነሳው። ዙሪያውንም አጠርኩት። ሕፃን የሚረግጠው ግቢ ከሆነ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከባዱ ጊዜ ውሃው ከሞላ በኋላ ያለው ነው። ኩሬው ጠርቷል፣ ያምራል። የመጣ ሰው ሁሉ «ታዲያ ዓሣው የታለ?» ይላል። ዓሣው ገና ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ክሎሪኑ በኖ ይጠፋል። በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን የሚባለው ማጽጃ የተጨመረበት ከሆነ ግን ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይለቅም፣ ማርከሻ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ክፍል ነው።

ዋናው ሥራ በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ሥራ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ይህን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ ለውሃ ውስጥ ተክሎች እንዲያውም ማዳበሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ድንጋዩ ላይ፣ ሸራው ላይ፣ የማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። አይቸኩሉም። በደንብ እስኪበዙ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃሉ፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይዘገያሉ። የሚበሉት ካላገኙም አይበዙም። ስለዚህ አንድም ዓሣ በሌለበት ኩሬ ቁንጥር ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየበተንኩ እንዲበሰብስ ተውኩት።

አንድ ቀን እጄን አስገብቼ ከታች ያለውን ድንጋይ ዳበስኩ። መጀመሪያ ሻካራ የነበረው ድንጋይ አንሸራተተኝ። ስስ፣ ልስልስ ያለ ሽፋን ለብሷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኩሬው ነፍስ ዘርቷል ማለት ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም በመመርመሪያው ዜሮ ሲያሳይ ዓሦቹ ገቡ፤ እነሱም ጥቂት ብቻ።

የመረጥኩት ቆሮሶ ነው፤ ቲላፒያ የሚባለው። ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ያድጋል። ያገኘውን ይበላል፣ እንግልትም ይችላል። የወባ ትንኝ እጭም ገና ብቅ ሲል ይለቃቅመዋል።

ትንሽ ቆይቶ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። አንድ ስንዝር ወደ ታች ያለው እንኳን አይታይም። ያየ ሁሉ «ድፋውና እጠበው» ይላል። እጅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኩሬውን ደፍቼ ሸራውን ብፈትገው ያን ሁሉ ሳምንት የጠበቅኳቸው ባክቴሪያዎች አብረው ይሄዳሉ። ዋቅላሚው ግን በአዲሱ ውሃ ተመልሶ ይመጣል፤ ብርሃኑና ምግቡ እንዳለ ነዋ። ስለዚህ የሚንሳፈፉ ተክሎች አስገባሁ፣ ግማሽ ያህሉን ፊቱን እስኪሸፍኑ ጠበቅኩ። የዓሦቹንም ምግብ ቀነስኩ። ቀስ እያለ ጠራ።

ማጣሪያውም እንደዚያው ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አላጥበውም። ባልዲ ውስጥ የኩሬውን ውሃ ቀድቼ እዚያ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቡናማ እንደሆነ ይቀራል፣ ይቅር። ንጹሕ ነጭ ስፖንጅ ለእኔ ባዶ ቤት ነው። ውሃም ስቀይር ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው እንጂ አላጋንንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ምግቡ ነው። ዓሦቹ ኮቴዬን ለይተዋል። ጠርዙ ጋ ስደርስ ግር ብለው ይመጣሉ፣ አፍ በአፍ ይሆናሉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ሰጥቼ መነሳት አለብኝ። የሚተርፈው ለእነሱ ምግብ አይደለም፣ አሞኒያ ነው። ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ አልሰጥም። ቀን ቀን ተክሎቹና ዋቅላሚው ኦክስጅን ይሠራሉ። ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ተጠቃሚ ናቸው። ስለዚህ ኩሬው ኦክስጅን የሚያጥረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ መያዝ የሚችለው ውሃ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ ይይዛል። በሞቃት ሰሞን ሳይነጋ ወጥቼ አያለሁ። ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ የሚያድረው ለዚህ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ምግብ እምቢ አለች። ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ዳር ይዛ ትቆማለች። አገጯ አብጧል፣ አፏ ግጥም ብሏል፣ አልፎ አልፎ የሆነ ነገር እንደሚያላምጥ ሰው መንጋጋዋን ታንቀሳቅሳለች። እንቁላል ታቅፋ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ ለቀናት እዚያው ትይዛቸዋለች። ዛሬ ለቀቀቻቸው። ዓይን ብቻ የሚመስሉ፣ ከእህል ቅንጣት ያነሱ ጫጩቶች ከፊቷ ደመና ሠርተው ይንሳፈፋሉ። ጥላዬ ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁሉም ተግተልትለው አፏ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይታ እንደገና ለቀቀቻቸው። ቆሜ ስንት ሰዓት እንዳየኋቸው አላውቅም።

ለእነዚህ ግን እጄን ሰብስቤ መቀመጥ አልችልም። ቆሮሶ ዝም ከተባለ በወራት ውስጥ ኩሬውን ይሞላዋል። ያኔ ምግቡም ኦክስጅኑም አይበቃም፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ከጨመሩበት ጫጩቶቹን እየበላ ቁጥራቸውን ይቀንሳል፤ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ሥራውም ቀላል ነው። እኔ ግን ዛሬ ካየሁት በኋላ ልቤ እሺ አላለኝም። መያዝ የሚችሉ ሲሆኑ አንድ በአንድ እያወጣሁ ከሆዳቸው ሥር አይቼ ወንዱን ከሴቷ እለያለሁ። ቶሎ የሚያድጉት ወንዶቹ ስለሆኑ ጥቂቶቹን አስቀራለሁ። ሌሎቹን ኩሬ ላላቸው ወዳጆቼ እሰጣለሁ፤ ሁለቱን ከወዲሁ አነጋግሬያቸዋለሁ። አንዱ ቁፋሮውን ጨርሷል። ውሃ ሞልቶ ሳምንታቱን እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ።