ከጠበሉ ጎን ያስቀመጥኩት ሃይላንድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስዕለት ስላለብኝ ነው። ነሐሴ 2015 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ቆሜ «ከዚህ ነገር ካወጣሽኝ ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ሰው ያውቀኛል ብዬ ፈርቼ ሁለት ዓመት ተኩል አዘገየሁት። ስሜን ባልጽፍም ሌላውን እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባንክ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዴ ከወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መንታዎቹ ወንዶች ልጆቼ ኅዳር 2012 ተወለዱ። ታላቋ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ለመንታዎቹ ክርስትና፣ በአርባ ቀናቸው፣ አክስቴ ከደብረ ብርሃን አንድ ጀሪካን አረቄ ይዛ መጣች። እንግዳው ጠጥቶ የተረፈውን «ለጉንፋን ይሆንሻል፤ ነጭ ሽንኩርትና ማር ጨምሪበት» ብላ በሁለት ሃይላንድ ቀድታልኝ ሄደች። እኔ መጠጥ የማውቅ ሰው አልነበርኩም። ለበዓል ጠላ ቢቀርብልኝ ግማሹን ትቼ የምነሳ ነኝ። ሃይላንዶቹ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠው አቧራ ጠጡ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሠራተኛችን «መንገድ ሳይዘጋብኝ» ብላ አገሯ ገባች። ባንክ ግን አልተዘጋም። የወሊድ ፈቃዴም አልቆ ነበር። ቀን ቀን ልጆቼን የታችኛው ቤት እትዬ ይዘውልኝ ይውላሉ። ማታ ሁሉም የእኔ ነው። ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ሌሊት ነው። አራተኛ ፎቅ ደግሞ አይደርስም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ወርጄ እቀዳለሁ፣ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ስመለስ አንዱ መንታ ተነስቷል። እሱን ሳስተኛ ሌላው ይነሳል።

እንደዚያ ባለ አንድ ሌሊት ወገቤ ተቆርጦ ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የአክስቴ አረቄ ትዝ አለኝ። በቡና ሲኒ ቀዳሁ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ከዚያ ትከሻዬ ወረደ። ከወለድኩ ጀምሮ ትከሻዬ ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደኖረ ያወቅኩት ያኔ ነው። መድኃኒት አገኘሁ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሌሊት እግዚአብሔርን አመስግኜ ተኛሁ።

አንድ ሲኒ ሁለት ሆነ። ሲኒው ብርጭቆ ሆነ። ሃይላንዶቹ ሲያልቁ መግዛት ጀመርኩ። ከሰፈር አልገዛም፤ ታክሲ ተሳፍሬ ማንም የማያውቀኝ ቦታ እሄዳለሁ። «አማቴ ወገቧን ያማታል፣ ትታሽበታለች» እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ መጋረጃ ዘግቼ ብቻዬን እጠጣለሁ። ጠዋት ቅርንፉድ አኝኬ ሥራ እገባለሁ። በቦርሳዬ፣ በሥራ ጠረጴዛዬ መሳቢያ፣ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ ቅርንፉድ ነበረኝ። ልጆቼ የእናት ሽታ ማለት ቅርንፉድ ይመስላቸው ነበር።

መንታዎቹ መሄድ ሲጀምሩ መደበቂያ ጠፋ። ጤፍ በርሜል ውስጥ ባስቀምጠው ይከፍቱታል። የቆሻሻ ልብስ ሥር ባደርገው ይጎትቱታል። ቤታችን ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት መደርደሪያ፣ ጠበል የምናስቀምጥበት። ጠበሉም በሃይላንድ ነው። አረቄውም በሃይላንድ ነው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። በጠበሉ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ መስቀል ስለሠራሁበት እኔ አልሳሳትም።

ጠዋት ጠዋት እዚያው ሥዕሉ ፊት ቆሜ እጸልይ ነበር። ጸሎቴ አንድ ነው፤ «እመቤቴ፣ አታጋልጪኝ» የሚል። አውጪኝ አላልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ አድኚኝ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ባለቤቴ እንዳያውቅ፣ አለቃዬ እንዳያሸተኝ፣ እትዬ እንዳይጠረጥሩ ብቻ ነበር የምለምነው። ሰኔ 2015 የበጀት መዝጊያ ሰሞን ስምንት ሺህ ብር ጎደለብኝ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ለማን አብልጬ እንደከፈልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደመወዜ ተቆረጠ። እኔ ግን ምክንያቱ ስላልታወቀ ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ።

ሐምሌ ነው፣ ቅዳሜ ማታ። ዝናቡ ያወርደዋል፣ መብራት ጠፍቷል። ትንሹ መንታ ከቀን ጀምሮ ትኩሳት ነበረው። ሽሮፕ ሰጥቼ አስተኛሁት። ከዚያ ጠጣሁና ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌሊት ልጁ አለቀሰ። የዘጠኝ ዓመቷ ታላቅ እህቱ ቀሰቀሰችኝ። አልነቃሁም። ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ስለዚህ እኔ ያስተማርኳትን አደረገች። የስልኬን መብራት አብርታ፣ አባታችን ሆይ ደግማ፣ ከመደርደሪያው ሃይላንድ አወረደች። በጨለማ ክዳኑን አላየችም። በሲኒ ቀድታ ለወንድሟ አጠጣችው።

በጩኸቱ ነቃሁ። ልጁ ትን ብሎት ፊቱ ቀልቷል። ደረቱ ላይ ተፍቶታል። እሷ ሃይላንዱን አፍንጫዋ ላይ ይዛ እያሸተተች አየችኝ።

«እማዬ፣ ጠበሉ ሸቷል። ምን ሆኖ ነው?»

የመለስኩላት ነገር የለም። ልጁን አፍሼ፣ ልጅቷን አስከትዬ፣ ሌላውን መንታ እትዬ በር ላይ ጥዬ፣ በሰው መኪና ሆስፒታል ደረስኩ። ሐኪሟ «ምን ጠጣ?» አለችኝ። «አረቄ» አልኩ። «የማን?» አለች።

«የኔ።»

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። አልኮል ትንሽ ልጅ ላይ የደም ስኳር እንደሚጥል ነግራኝ ቶሎ ብላ ለካችው። ደህና ነበር። አብዛኛውን ተፍቶት ነው እንጂ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልችልም። ትኩሳቱ ቶንሲል ሆኖ ተገኘ። እስኪነጋ እየተመላለሰች ስታየው አደረች። እኔ ልጄ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ገባኝ። እመቤታችን ሦስት ዓመት የለመንኳትን አልሰጠችኝም። ያልለመንኳትን ሰጠችኝ። ልጄን ሳትወስድ አጋለጠችኝ። «ተመስገን» ያልኩት እየተንዘፈዘፍኩ ነው።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ከሥዕሉ ሥር ማስቀመጤን ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ዛሬውኑ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ፣ ነገ ጠበል እገባለሁ» ስላቸው እጄን አዩት። ይንቀጠቀጥ ነበር። «መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ» አሉኝ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነሱልኝ፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ አክብሩት ይላል። እውነታቸውን ነበር። የሄድኩበት ሐኪም ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው እንደሚችል፣ ለሕይወትም እንደሚያሰጋ አስረዳኝ። እየተከታተለ መድኃኒት ሰጠኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ተደብቃ የምትጠጣ እህት ካለች ብቻዋን ቤት ዘግታ እንዳታቆም ብዬ ነው።

ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ይጮኻል፣ ይመታኛል፣ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል ብዬ ያልጠበቅኩት ነገር የለም። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። ነገርኩት። አሁንም ዝም አለ። ከዚያ «እኔስ የት ነበርኩ?» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬም ስነግራቸው «አውቅ ነበር ልጄ» አሉ። «ከጠዋት እስከ ማታ ቅርንፉድ የሚያኝክ ማን አለ? አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው እንጂ።» እኔ የምፈራቸው ሰዎች ሁሉ ስነግራቸው አዘኑልኝ። ይህን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ፍልሰታ ገባች። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተመላለስኩ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት በጉም ተሸፍኖ ባሕር ዛፉ አይታይም፣ ሽታው ብቻ ነው ያለው። የነሐሴ ጠበል አጥንት ሰብሮ ይገባል። ከጎኔ የሚጮሁ፣ የሚወድቁ ነበሩ። እኔ አልጮኽኩም፣ አልወደቅኩም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ከፋኝ፤ «እኔን አልጎበኘኝም ማለት ነው» አልኩ።

በሰባተኛው ቀን ማታ መንታዎቹን አጥቤ፣ ታላቋ የቤት ሥራ ባይኖራትም ሦስቱንም ፊደል እያስጻፍኳቸው ከእነሱ ጋር ተቀምጬ፣ ሰዓት አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሁለት ሰዓት አልፏል። መጋረጃውም አልተዘጋም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ሰዓት ሳትጠራኝ ያለፈችበት ቀን አልነበረም። እጄን ዘርግቼ አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆመ። እዚያው ልጆቼ ፊት ተንበረከክሁ።

ነሐሴ 16 አምስታችንም ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔና ልጆቼ ሥጋ ወደሙን ተቀበልን።

አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ፣ እሱንም አልደብቅም። ጥቅምት 2016 ዘመድ ያመጣውን አንድ ሲኒ ጠጣሁ። በዚያው ሌሊት ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ሚሌ ነበር። መኪናውን ዳር አቁሞ «እስክትተኚ ስልኩን አትዝጊው» አለኝ። ሳልዘጋው ተኛሁ። ጠዋት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ፣ ለስሙ ክብር ይሁንና፣ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም። ባለቤቴም መስመሩን ባይለቅም በወር አንድ ሳምንት ቤት የሚሆንበትን መንገድ ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ አግኝቷል። ጀሪካኑን የሚሸከምልኝ የሰፈር ልጅም ቀጥረናል። ያን ያህል ዘመን ለምን እንዳልቀጠርኩ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ታላቋ ልጄ ከዚያ ሌሊት በኋላ ጠበል ሳታሸት አትጠጣም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን መጀመሪያ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። አልቆጣኋትም። ምን ብዬ? ባየኋት ቁጥር ልቤ ይወጋኝ ነበር፤ እመቤታችንንም ስለዚህ ነገር ለብቻው ለምኛታለሁ።

ባለፈው የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከእንጦጦ ጠበል ቀድተን ገባን። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃይላንዱን ከፈተች። ወደ አፍንጫዋ እስክታስጠጋ ጠበቅኩ። ቀጥታ ወደ አፏ ወሰደችው፣ ጠጣች፣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ለወንድሟ አቀበለችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።