«2፡30 – 11፡30»

ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የተዘጋ የመኪና ጥገና ቤት በር። ከጅቡቲ የመጣ ሾፌር ስልኩን ለጥበቃው ያሳያል። የጥገና ቤቱ ድረ ገጽ «የሥራ ሰዓት 2፡30 – 11፡30» ይላል። ሰውየው ያነበበው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ ከቀትር በኋላ ተከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሊጠጋ። በእኛ ግን ከተዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎታል።

ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ነካው፤ አልሠራም። የተጻፈው +251 025 ብሎ ነው። +251 ሲገባ የ025 ዜሮ መውጣት አለበት፣ +251 25 ተብሎ። ስንት ደንበኛ በዚህች አንዲት ዜሮ እንደቀረ ማን ያውቃል! ባለሙያዎቹ ጎበዞች ስለሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው።

ድሬ የባቡርና የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ ግማሹ እንግዳ እኛን መጀመሪያ የሚያገኘን በስልኩ ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ ያላችሁ ባለሱቆችና ባለጥገና ቤቶች፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ «ከጠዋቱ 2፡30 (08፡30) እስከ 11፡30 (17፡30)»። ጎግል ካርታ ላይ ግን 08፡30 ብቻ፤ 2፡30 ካስገባችሁ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ትከፍታላችሁ ይላል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆን፣ ሳታሳንሱ ከጫናችሁት በደካማ ኔትወርክ ገጹ ሳይከፈት ሰው ይሄዳል፤ 200 ኪሎባይት ይበቃዋል። የገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት (ከገጹ ጋር ያለው ግንኙነት የተጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጠው) ጊዜው ካለፈበትም ክሮም በትልቁ ያስጠነቅቃል፤ ለማያውቃችሁ ሰው ያ በር መዝጋት ነው።

ነገ ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ የጎረቤት ስልክ ተዋሱና ገጻችሁን ክፈቱ። የራሳችሁ ስልክ የድሮውን አስቀምጦ ሊያሳያችሁ ይችላል። ከዚያ ቁጥሩን ነክታችሁ ይጠራ እንደሆነ ስሙ።